ራስ ያለው የፑል እንጨት

ፑል ቤት የሚገባ ሰው የለም። አላመናችሁም? ከተማችን መሐል ሜዳ መጥታችሁ ጠይቁ። አንዱ ጓደኛውን ሊጠራ ብቅ ብሎ ነው፤ ሌላው ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልሎ ነው፤ ሌላው ደግሞ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ገብቶ ነው፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ። ታዲያ ማንም የማይገባበት ቤት ሁልጊዜ ወረፋ የሚያዘው ለምንድን ነው? ብዙ አስቤበታለሁ። በዚህ አገር ሰው ጎረቤቱን ሲያማ ቢታይ አያፍርም። ድንበር ገፍቶ ሲያርስ ቢታይ አያፍርም፤ ድንበሩን የምለካው እኔ ስለሆንኩ ይህንን በደንብ አውቀዋለሁ። ፑል ሲጫወት ከታየ ግን ያፍራል። የሚያሳፍረው ሲደሰት መያዙ ነው መሰለኝ።

እኔ በግልጽ እገባ ነበር፤ ቢያንስ መሐል ሜዳ ላይ። ጎረቤታችን ሞላሌ ከተማ ላይ ለምን በግልጽ እንደማልገባ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ መሬት መቀየስ ነው። ማዕዘን የምለካው በደመወዝ ነው ማለት ነው። ፑል ደግሞ ምንድን ነው? ማዕዘን ነው። ኳሷ በመጣችበት ማዕዘን ትመለሳለች፤ ይኸው ነው ምስጢሩ። ይህንን ለፀጉር አስተካካዩ ለታደለ በየጊዜው አስረዳዋለሁ። ታደለ ጨዋ ሰው ነው፤ ማብራሪያዬን እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ከዚያ ያሸንፈኛል።

ሰው ደጋግሞ ሲሸነፍ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይለማመዳል ወይ ዕቃውን ይወቅሳል። እኔ ኩሩ ሰው ነኝና ዕቃውን ወቀስኩ። ግን ፍረዱኝ፤ የቤቱን እንጨቶች ያየ ሰው አይፈርድብኝም። አንዱ ማጭድ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። አንዱ ወገቡ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። ደህና የሚባለው ሌሊት በር ይደገፍበታል፤ ቀን ውሻ ይባረርበታል፤ በመሐል ጊዜ ካገኘ እኛ እንጫወትበታለን። ስለዚህ የራሴን፣ በልኬ የተሠራ፣ ስሜን የሚያስጠራ የፑል እንጨት ላሠራ ወሰንኩ። አዲስ አበባ ሣጥን ውስጥ የሚገባ፣ ለሁለት የሚፈታ እንጨት የያዙ ሰዎች አይቼ ነበር። ሣጥኑን ሲከፍቱ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተቀናቃኛቸው ላብ ላብ ይለዋል።

መሐል ሜዳ ላይ እንጨት ማቃናት የሚያውቅ ሰው ከተባለ ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው። ከገበያው ጀርባ ያለችው ሱቃቸው ውስጥ የሚሠሩት መቋሚያ ነው፤ ካህናትና ደብተራዎች ማኅሌት ላይ የሚደገፉትን። በመጠኑም ከበሮ በቆዳ ይለጉማሉ። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አይደሉም። ሰላም ስትሏቸው እንኳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ከማለታቸው በፊት፣ የትኛው ደብር አለቃ በየትኛው በትራቸው እንደተደገፈ ይነግሯችኋል። እንደሳቸው አነጋገር የሸዋ ማኅሌት እስከ ዛሬ የቆመው በድጓውም በጾመ ድጓውም አይደለም፤ በእሳቸው እንጨት ነው።

የፑል እንጨት ስላቸው አላቅማሙም። በትር በትር ነው አሉ። ግድግዳ ተጠግቼ ቀጥ ብዬ እንድቆም አዘዙኝና ከብብቴ እስከ ተረከዜ በክር ለኩኝ። ጋሼ፣ ፑል የሚጫወቱት ጎንበስ ብለው ነው አልኳቸው። ሰው ሲጎነበስ ልኩ አይታወቅም ብለው ክሩን ቋጠሩ። ይህንን ስሰማ ሱቁን ጥዬ መውጣት ነበረብኝ። ግን ጥልቅ ነገር የተናገሩ መሰለኝና ቀረሁ።

ወይራውን ከመርሐቤቴ ቆላ አስመጡት። ላጡት፤ ምድጃ በላይ ሰቅለው ክረምቱን ሙሉ ጭስ አጠጡት፤ ቅቤ ቀቡት፤ መልሰው ሰቀሉት። በሄድኩ ቁጥር ገና ነው። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ እንጨት ነው ወይስ ሊቀጳጳስ ነው የሚሾሙት ብል፣ ጓሳን አላየህም ወይ አሉኝ። የጓሳ ተራራ ሣር የሚረዝመው ተዘግቶ ስለሚጠበቅ ነው፤ ቸኩሎ የሚያጭድ ቢኖር ቤታችን ክዳን አያገኝም ነበር፤ እንጨትም እንደዚያው ይዘጋል አሉ። እንጨቴ ተዘጋ። እኔም በማጭዱ ለታደለ መሸነፌን ቀጠልኩ።

በመሐሉ ጋሽ እንግዳወርቅ ጨዋታውን በዓይናቸው ሊያዩ ፑል ቤት መጡ። መጡ አልኩ እንዴ? ዝናብ ሊጠለሉ ብቅ ብለው ነው። ሰማዩ የጠራ ነበር። ጥጉ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰዓቱን ሙሉ ተጠለሉ። ሲወጡ እጄን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የመምታት ጨዋታ አይደለም። የመቆም ጨዋታ ነው። ለአፍታ ጎንበስ ትላለህ፣ ትስታለህ፣ ከዚያ ያ ፀጉር ቆራጭ እስኪጨርስ ቆመህ ታያለህ። በትሩ የሚያስፈልግህ ለቆምክበት ነው።»

ስድብ ነው ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ሳስበው ግን ስድብ ነበር።

እንጨቱ በገና ሰሞን ተዘጋ ከተባለበት ተከፈተ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ጠይም፣ ለስላሳ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታንከባልሉት ሳይዘል የሚሄድ። ጫፉ ላይ የተለጠፈችው ቆዳ ከከበሮ የተረፈች ስለሆነች ኳስ ሲመታ ትንሽ ድም ይላል፤ እሱን ችዬዋለሁ። ችግሩ በወፍራሙ ጫፍ ነበር። እዚያ ላይ ግራና ቀኝ ቆልመም ያለ፣ ከቀንድ የተሠራ፣ በናስ የተለበጠ የመቋሚያ ራስ ተቀምጧል።

ምንድን ነው አልኳቸው። ራስ ነው አሉኝ። የፑል እንጨት ራስ የለውም አልኳቸው። ለዚህ ነው የምትሸነፉት አሉኝ። ብዙ ተከራከርን። ከእጄ ራስ ሳይኖረው የወጣ በትር የለም፣ ስሜን አታሰድብ ብለው ቁጭ አሉ። በመጨረሻ ቶርኖ ቤት ተወሰደና እንደ ብሎን የሚዞር ጥርስ ወጣለት፤ ሲጫወቱ ይፈታል፣ ሲቆሙ ይጠብቃል። ሁለታችንም ያሸነፍን መስሎን ተለያየን።

የሚገርመው ግን ራሱን አስገብቼ ወደ ቤት ስሄድ የሆነው ነው። ያ እንጨት ራስ ባይኖረው ኖሮ ቦዘኔ ነኝ። ራስ ስላለው መንገድ ለቀቁልኝ። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። ሻይ ቤት ውስጥ ወንበር ተነሡልኝ። ሰውዬው ያው እኔ ነኝ፤ በትሩ ያው የፑል እንጨት ነው፤ በላዩ የቀንድ ቁራጭ ስለተጨመረ ብቻ ሊቅ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ፑል ቤት በር እስክደርስ ራሱን አልፈታውም ነበር።

አሁን ወደ ሞላሌ እንሂድ።

ሞላሌ ላይ ትርሲት የምትባል የጤና ባለሙያ አለች። የትርሲት አባት ደግሞ መሪጌታ ላቀው ናቸው። መሪጌታ ፑል ቤት ሲባል ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ የመንደሩን ጎረምሳ ሁሉ ከዚያ ቤት በጆሮው እየጎተቱ ያወጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። እናንተም ሽማግሌ ልካችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ የላከውን ሰው አይደለም የሚያስተዋውቀው፤ ቢኖር ደስ የሚለውን ሰው ነው። እኔ በልጅነቴ ዳዊት ጀምሬ መሐል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሽማግሌዎቼ ዜማ ዘልቋል ብለው አረፉት። መሪጌታም ዘመድ እናማክር፣ መልሱን ከማርያም ንግሥ በኋላ ኑና ስሙ ብለው ሸኟቸው። ትርሲት ይህንን ስትነግረኝ አስጠነቀቀችኝ፤ አባቷ አንዴ እንቢ ካሉ መልሰው እሺ ያሉበት ቀን የለም። እስከ ማርያም ድረስ ምንም እንዳላጠፋ ለመነችኝ። እኔም ምላለሁ፣ ምንም ላጠፋ አላሰብኩም ነበር። ትርሲትን ከምወደው ነገር ሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር፤ ከእንጨቱም ጭምር።

ብቻ የሞላሌ ልጆች የመሐል ሜዳን ልጆች በፑል ሊገጥሙ ጠየቁ። የተያዘው ቀጠሮም የማርያም ዕለት ታቦት ከገባ በኋላ ሆነ። ታደለ ቀድሞ ሄደ። እኔ በዋዜማው ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እንጨቱ ረጅም ነውና ከኋላ ወንበር ተነሥቶ በተሳፋሪው ሁሉ ትከሻ ላይ አልፎ ሹፌሩ ጆሮ አጠገብ ያበቃል። ራሱ በእኔ በኩል ነው፤ በደንብ ጠብቋል። ረዳቱ ሊጮህብኝ አፉን ከፈተና ራሱን ሲያይ አባቴ ይመቻቹ ብሎኝ ሄደ።

መውጫው ላይ ሚኒባሱ ቆመና አንድ ነጭ ጥምጥም ገባ። መሪጌታ ላቀው ነበሩ። ለቤተ ክህነት ጉዳይ መጥተው ሲመለሱ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ፣ ልክ የእንጨቴ ቀጭን ጫፍ ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ጫፉን አዩ። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ በተሳፋሪው ትከሻ ላይ እንጨቱን በዓይናቸው እየተከተሉ መጥተው መጥተው ራሱ ላይ፣ ከራሱ ደግሞ እኔ ላይ ደረሱ።

ዋሸሁ እንዳትሉ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ያማረ መቋሚያ ነው፣ የማን ሥራ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ የጋሽ እንግዳወርቅ ነው አልኳቸው። ይህ እውነት ነው። በልክህ ያሠራኸው ነው ወይ አሉኝ፤ በልኬ ነው አልኳቸው። ይህም እውነት ነው። እንዲህ ያለ በትር የያዘ ሰው ጥግ ቆሞ አያይም፣ ነገ ታቦቱ ሲወጣ ከእኛ ጋር ትቆማለህ አሉኝ። ያኔ ነው ዝም ያልኩት። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝና አንዱ እግዜር ይስጥልን አለ።

የማርያም ዕለት ያለውን ሕዝብ አትጠይቁኝ። ከጓሳ አፋፍ ሁሉ የወረደ ሰው አለ። ታቦቱ ወጥቶ ዛፉ ሥር ሲያርፍ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ፤ እኔም በተዋስኩት ነጭ ኩታ መሐላቸው ገባሁ። ጸናጽል አልደረሰኝም፤ ይህንን የማርያም ተአምር ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ከበሮው ተመታ፤ ወረቡ ተጀመረ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ መቋሚያቸውን ሲያነሡ አነሣለሁ፤ ሲያወዛውዙ አወዛውዛለሁ፤ አፌን እከፍታለሁ እዘጋለሁ። ድምፅ ግን አላወጣም፤ ከኔ የሚወጣ ድምፅ ሰማይ ቤት ድረስ ማስነቀፉ አይቀርማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። የመቋሚያ ራስ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ታች የሚሆነው ምንድን ነው? ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኳት፣ በኮላ ተለጥፋ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰች፣ የፑል ቤቱን ሰማያዊ ጠመኔ የጠገበች የቆዳ ጫፌ ነች። ዜማው በወረደ ቁጥር በትሩ መሬት ይመታል። የሞላሌ መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። እያንዳንዷን ምት ልቤ ላይ ነው የምሰማት። ቆዳዋ ተቆርሳ ስትሄድ በዓይኔ አየሁ፤ እዚያ ሁሉ እልል በሚል ሕዝብ መሐል ልቅሶ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወረቡ ሲፈጥን የባሰው መጣ። ጋሽ እንግዳወርቅ እንዲፈታ አድርገው የሠሩት ራስ መፈታት ጀመረ። በተወዛወዘ ቁጥር እጄ ሥር ትንሽ ይዞራል። ላጠብቀው እሞክራለሁ፤ እንዳላጠብቀው ዜማው አይቆምም። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ካለው ረድፍ መሐል መሪጌታ ላቀው ቀጥ ብለው ያዩኛል። ከሳቸው ጀርባ ሕዝቡ መሐል ታደለ ቆሟል፤ እንጨቱን ሲያውቀው ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። በትሩን ከፍ አደረግን። ራሱ ወለቀ።

ወድቆ ተንከባለለ። ሌላ ቦታ ጠፍቶ መሪጌታ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። መሪጌታ ዜማቸውን ሳያቋርጡ፣ የወረቡ አካሄድ የሆነ ይመስል ጎንበስ ብለው አነሡትና ካባቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ በማርያም ታቦት ፊት፣ በሞላሌ ሕዝብ ሁሉ ፊት፣ ትርሲት ከእናቷ ጋር ቆማ እያየችኝ፣ ራቁቱን የቀረ የፑል እንጨት ይዤ ቀረሁ። ታደለ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ተንቀጠቀጠ። ዙሪያው ያሉት ጎረምሶችም ገባቸው። ጥዬ ልሩጥ? የት? ግራዬም ቀኜም ቄስ ነው። ስለዚህ ሲያነሡ አነሣሁ፤ ሲያወርዱ አወረድኩ። ታቦቱ መንበሩ እስኪገባ ድረስ ከረድፉ አልወጣሁም። የትርሲት ነገር አለቀ ብዬ ነው የቆምኩት።

ሕዝቡ ሲበተን መሪጌታ በጣታቸው ጠሩኝ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠዋል። የቀንዱን ራስ ከካባቸው አውጥተው አጠገባቸው አስቀመጡት። እንጨቱን ተቀበሉኝና የተረፈችውን የቆዳ ጫፍ ዳሰሱ።

«የፑል እንጨት ነው» አሉ።

«ነው፣ መሪጌታ።»

«ያወቅሁት ገና ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ጫፉ ሰማያዊ ነበር። ትንሹ ልጄ ማታ ማታ ጣቱ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል፤ የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው ይለኛል። የትምህርት ቤት ጠመኔ ነጭ ነው።»

ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። አንተስ ምነው ዝም አልክ ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

«ዜማ ዘልቋል ሲሉኝ ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። እኔም ለሰው ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ሴት ልጄን ስሰጥ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ሰው በማያውቀው ነገር መሐል ገብቶ፣ የያዘው ነገር እጁ ላይ እየተፈታ፣ ሰው እየሳቀበት፣ አፉን ይዞ እስከ መጨረሻው መቆም ይችላል ወይ? ትዳር ይኸው ነው። ቆመሃል። ሽማግሌዎችህን ላካቸው።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእንጨቱ ከለከሉኝ። ደግሞም እንጨቱን አልመለሱልኝም። ይሄ እዚህ ይቅር፣ አንተን ከዚህ ሱስ ማላቀቅ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው አሉና ራሱን ብቻ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት። ከሰዓት በኋላ በሞላሌ ፑል ቤት በሌላ ማጭድ ገጥሜ ተሸነፍኩ። ምንም አልመሰለኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በደስታ ተሸንፌ አላውቅም።

ጋሽ እንግዳወርቅ በትራቸው በማርያም ታቦት ፊት መቆሙን ሰምተዋል፤ የወለቀውን ግን አልሰሙም፣ ወይም አልሰሙ መሆንን መርጠዋል። አሁን ሰላም ስትሏቸው ከደብር አለቆቹ ዝርዝር ላይ እኔንም ይጨምሩኛል። የፑል እንጨት ትእዛዝ ግን አይቀበሉም። ያ አንዱ በቂ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሁሉ ይረክሳል ይላሉ።

ከትርሲት ጋር ተጋባን። የቀንዱ ራስ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ምንነቱን ይጠይቃል፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ። አማቴ እንደተናገሩት ትዳሬን በዚህ ይዤዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቅህ ብሎኝ ነበር። ራስ የሌለው በትር ለመሪጌታ ምን ያደርግላቸዋል? መደገፊያ እንዳይሆን ራሱ እኛ ቤት ነው። ባለፈው ሰሞን ታደለ ከሞላሌ ተመልሶ ፀጉሬን ሲቆርጠኝ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። ፑል ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ነጭ ጥምጥም አይቷል። ጠይም፣ ለስላሳ፣ ጫፉ አዲስ ቆዳ የተለጠፈለት ረጅም እንጨት ይዟል። ጥቁሯን ኳስ ከጠረጴዛው ጠርዝ አጋጭቶ ሲያስገባት ታደለ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ማዕዘን አላየም። ሰውዬው ማን ይመስልሃል አለኝ።

መስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እንግዲህ የሰው አማች ነኝ።

ልጃቸውን ሊጠሩ ብቅ ብለው ነው አልኩት።